ዘንባባዬና የድሬ ውሃ

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

ጤና ይስጥልኝ። ጋዜጣችሁ ድሬዳዋ ዘግይቶ ነው የሚደርሰው። እኔ ጋ ደግሞ ከዚያም ይዘገያል። እውነቱን ልናገርና ገዝቼ አላነብም። የቡና ማሽን ጠጋኝ ነኝ። ማሽኑን አጥፍቼ ቦይለሩ (ውሃ የሚያፈላው ጋኑ) እስኪበርድ ድረስ ካፌው ውስጥ የተገኘውን ጋዜጣ አገላብጣለሁ። ከ30 ዓመት በላይ ያነበብኩት እንዲህ ነው። ስለዚህ ደብዳቤዬ ቢዘገይባችሁ ጥፋቱ የኔም የእናንተም አይደለም፤ የቦይለሩ ነው።

ባለፈው ሳምንት ከዚራ ሰፈር አንድ ካፌ ውስጥ ቁጭ ብዬ የውስጥ ገጻችሁን አገኘሁ። ስለ ቤት ውስጥ ተክል ይላል። የትንሿ ዘንባባ ፎቶም አለ። ደስ አለኝ፤ እሷው ራሷ እኔም ቤት አለችና። ማንበብ ጀመርኩ። ፀሐይ በደንብ የሚገባበት መስኮት ሥር አስቀምጧት ይላል። ቆላ ያላችሁ በየቀኑ ጥቂት ጥቂት ውሃ አጠጧት ይላል። ከረዘመችባችሁ ጫፏን ቁረጡት፣ ወደ ጎን ትሰፋለች ይላል። መጨረሻ ላይ የቤታችሁን አየር ታጣራለች ይላል። አንብቤ ስጨርስ ቦይለሩ በርዶ ነበር። እኔ ግን ግያለሁ።

ጸሐፊውን ክፉ ሰው ነው አልልም። ደጋ ተቀምጦ የጻፈው ይመስለኛል። ያም ሆኖ ጫፏን መቁረጥ ደጋም ሆነ ቆላ ይገድላታል፤ ወደ እሱ እመለሳለሁ። ድሬ ላይ ግን ይህን ምክር የሰማ ሰው በአንድ ግንቦት ውስጥ ተክሉን ይቀብራል። እኔ ቀብሬያለሁ። የምጽፈውም ለዚህ ነው።

መጀመሪያ ስለ የትኛዋ ዘንባባ እንደምናወራ እንግባባ። እኛ ዘንድ ቴምሩም ዘንባባ ነው፣ ለሆሳዕና ጣታችን ላይ የምናስረውም ዘንባባ ነው፣ ሆቴል በር ላይ የቆመውም ዘንባባ ነው። እዚህ ችግኝ የሚሸጡት ልጆች ደግሞ ሁለት የማይገናኙ ተክሎችን በአንድ ስም ነው የሚሸጡልን። አንደኛዋ ድንክ ቴምር ናት። አገሯ ላኦስ፣ ቬትናምና ደቡብ ቻይና ነው። ቅጠሏ ከግንዱ በሚወጣበት ቦታ መርፌ የመሰለ እሾህ አላት። እሷ ፀሐይ ትችላለች። ሁለተኛዋ፣ እናንተ ፎቶዋን ያወጣችኋት፣ እሾህ የላትም። ግንዷ ቀጭን አረንጓዴ ነው፣ እንደ ሸንበቆ ቀለበት ቀለበት አለው። ፈረንጆቹ የሳሎን ዘንባባ ይሏታል። የሳይንስ ስሟ ካሜዶሪያ ኤሌጋንስ ነው። ስሙ ከግሪክኛ የተወሰደ ነው፤ የመጀመሪያው ግማሽ "መሬት ላይ ያለ"፣ ሁለተኛው "ስጦታ" ማለት ነው። ዛፍ ሳትወጣ፣ እጅህን ብቻ ዘርግተህ የምታገኘው ስጦታ እንደማለት። ኤሌጋንስን ደግሞ "ሽክ ያለች" ብትሉት አትሳሳቱም።

ግራ ከገባችሁ እጃችሁን ቅጠሏ ሥር ሰዳችሁ ቀስ ብላችሁ ዳብሱ። ከወጋችሁ ውጭ አውጧት። ካልወጋችሁ ጥላ ውስጥ አስገቧት።

እኔ ይህን ሳላውቅ ነው የጀመርኩት። በ2011 ዓ.ም. አንድ ደንበኛዬ ካፌውን ዘግቶ ከከተማ ሊወጣ ሆነ። የሦስት ጥገና ዕዳ ነበረበት። ገንዘብ የለኝም አለኝ። ካፌው ጥግ ላይ በዘይት ቆርቆሮ የተተከለች ነገር ነበረች። "ይቺን ውሰድ" አለኝ። አቦ፣ ምን ልበለው! ሬዚስታንስ (ቦይለሩ ውስጥ ውሃውን የሚያሞቀውን ብረት) የቀየርኩበትን ሂሳብ በቅጠል ተቀብዬ በባጃጅ ይዣት ወደ ሰፈሬ ነምበር ዋን ሄድኩ። ባለቤቴ በር ላይ ቆማ አየችንና "አንተ፣ ዛሬ ደግሞ በጎመን ነው እንዴ የከፈሉህ?" አለችኝ። (ድሬን ለማታውቁ ልንገራችሁ። እዚህ አንቱታ ብዙ ቦታ የለውም። ረዳቴ የልጄ እኩያ ነው፣ እሱም አንተ ነው የሚለኝ።)

ዘንባባ ነው ከተባለ ፀሐይ ይወዳል ብዬ ግቢው መሃል አስቀመጥኳት። ልጅ ሆነን ሰፈራችን አንድ የመናዊ ባለሱቅ ነበር። ስለ ቴምር ሲያወራ "እግሩ ውሃ ውስጥ፣ ራሱ እሳት ውስጥ" ይል ነበር። ዐረቦች ስለ ቴምር የሚሉት የቆየ አባባል ነው። አባባሉ ጭንቅላቴ ውስጥ ቀርቷል። እኔም እንደተባለው እግሯን ውሃ ውስጥ፣ ራሷን እሳት ውስጥ አደረግኳት። ግንቦት ነበር። ቅጠሏ መጀመሪያ ገረጣ። ከዚያ ነጣ። ከዚያ የተጠበሰ ወረቀት መሰለ። ሳምንት አልሞላም።

ስትመጣ ስምንት ግንድ ነበረች። ሦስት ተረፉ። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የማያውቀውን ልጨምር። ማሰሮ ውስጥ ቁጥቋጦ መስላ የምትታየው አንድ ተክል ሆና አይደለም። የሚያፈሏት ሰዎች ብዙ ዘር አንድ ላይ ስለሚዘሩ ነው። እያንዳንዱ ግንድ ራሱን የቻለ ዛፍ ነው። ስለዚህ አንዱ ሲሞት ሌላው አይተካውም። አምስት ዛፍ ነው የገደልኩት ማለት ነው።

ያደገችበትን አገር ባውቅ ኖሮ ይህ አይደርስባትም ነበር። የደቡብ ሜክሲኮና የጓቲማላ ጫካ ልጅ ናት። እዚያ የምትበቅለው በትልልቅ ዛፎች ሥር ነው። ሰማይን የምታየው በቅጠል ቀዳዳ ነው። ዕድሜዋን ሙሉ ጥላ ውስጥ ኖራ ቁመቷ ሁለት ቢበዛ ሦስት ሜትር ብትደርስ ነው። ማሰሮ ውስጥማ ከዚያም ታንሳለች፣ ያውም ከብዙ ዓመት በኋላ። ለቴምር የተባለው ለእሷ ግልባጩ ነው። ራሷ ጥላ ውስጥ፣ እግሯ ደግሞ የረጠበ እንጂ የተነከረ መሆን የለበትም።

በረንዳ ላይ አወጣኋት። የኔ በረንዳ ጠባብ ነው፣ የከዚራን አይመስልም። ከዚራ ባቡሩ በ1895 ዓ.ም. ድሬ ከደረሰ በኋላ የተቆረቆረ ሰፈር ነው። የሠሩት ሰዎች ሙቀት ምን እንደሆነ ያውቁ ነበር፤ መንገዱን በዛፍ ከለሉት፣ ለቤቱ ሰፊ በረንዳ አበጁለት። እዚያ የሚኖር ሰው ለዚች ተክል ምንም መላ አያስፈልገውም። የኔ ግን ወደ ሰሜን የሚያይ ጠባብ በረንዳ ነው። ወደ ሰሜን የሚያይ ፀሐይ አይገባውም ብዬ ተዝናናሁ። በፈረንጅ አገር እንደዚያ ነው። እኛ ዘንድ ግን ከሚያዝያ መጀመሪያ እስከ ነሐሴ መጨረሻ ድረስ ፀሐይ አናታችንን አልፋ በሰሜን በኩል ነው የምትሄደው። ልክ ሙቀቱ በሚበረታበት ጊዜ ማለት ነው። አንድ ቀን ሽርጤን ታጥቄ ከሰዓት በኋላ ጋደም ብዬ ቀና ስል ፀሐይዋ ቅጠሉ ላይ ተቀምጣለች። ያኔ ነው የገባኝ። አሁን ሚያዝያ ሲገባ ወደ ውስጠኛው ግድግዳ አስጠጋታለሁ፣ መስከረም ላይ መልሼ አወጣታለሁ።

የብርሃኑን ልክ የማውቀው በእጄ ነው። ከቅጠሏ በላይ እጄን እዘረጋለሁ። የእጄ ጥላ ጠርዙ ጥርት ብሎ ከወጣ በዝቶባታል። ድብዝዝ ካለ ልክ ነው። ጭራሽ ጥላ ከሌለ ደግሞ አንሷታል። መብራት ሳታበሩ ጋዜጣችሁን ማንበብ የሚቻልበት ቦታ ይበቃታል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልግባ። ውሃ።

ጥላ ውስጥ ከገባች በኋላ ሦስቱ ግንዶች አገገሙ። አዲስ ቅጠል አወጡ። ግን የእያንዳንዱ ቅጠል ጫፍ ቡናማ ሆኖ ይደርቃል፤ በክብሪት እንደተለበለበ ክር። ሙቀቱ ነው አልኩ። ቀጥሎ ቬንትሌተሩ ነው አልኩ። እውነትም ቬንትሌተር ፊት ለፊት ስትቀመጥ ትደርቃለች፣ ስለዚህ አዞርኩት። ጫፏ ግን መድረቁን አልተወም። ውሃ አንሷት ነው ብዬ ጨመርኩላት። ባሰባት።

አንድ ቀን ጠዋት ቆርቆሮውን ላንቀሳቅስ ጎንበስ ስል አፈሩ ላይ ነጭ ነገር አየሁ። በቆርቆሮው ጠርዝም ዙሪያውን ነጭ ቅርፊት ይዞታል። በጥፍሬ ፋቅ አደረግኩት። ሳቄ መጣ። ዕድሜ ልኬን ስፍቀው የኖርኩት ነገር ነዋ!

የድሬ ሰው የምለውን ያውቃል። ውሃችን ከከርሰ ምድር ነው የሚወጣው። መሬታችን ደግሞ የኖራ ድንጋይ ነው። የሲሚንቶ ፋብሪካ እዚህ የተተከለው በከንቱ አይደለም። ውሃው በዚያ ድንጋይ ውስጥ ሲያልፍ ኖራውን አሟሙቶ ይዞት ይመጣል። ሲፈላ ኖራው ተለይቶ ብረቱ ላይ ይጋገራል። የማንቆርቆሪያችሁን ክዳን ከፍታችሁ እዩ። እኔ ቦይለር ስከፍት ሬዚስታንሱ ነጭ ካባ ለብሶ ነው የሚጠብቀኝ። በመዶሻ እንጂ በእጅ አይነሳም። ልጆቼን ያስተማርኩት በዚያ ነጭ ድንጋይ ነው፤ ስለዚህ ብዙም አላማውም።

ማሰሮ ውስጥ የሚሆነውም ያው ነው። ካጠጣናት ውሃ ከፊሉን ሥሯ ይጠጣዋል፣ ከፊሉ ይተናል። ኖራውና ጨው ግን አይተንም። አፈር ውስጥ ይቀራል። ነገ ስናጠጣት ሌላ ይጨመራል። ከነገ ወዲያም ሌላ። ጨው የበዛበት አፈር እርጥብ ቢሆንም ሥሩ ውሃ መሳብ ያቅተዋል። መጀመሪያ የሚጎዳው ከሥሩ የራቀው ቦታ ነው፣ የቅጠሉ ጫፍ። እናንተ "በየቀኑ ጥቂት ጥቂት" ያላችሁት ድሬ ላይ በየቀኑ ጥቂት ጥቂት ጨው መጨመር ነው። በላዩ ላይ ሥሯም ረጥቦ ከዋለ ይበሰብሳል።

ይህን ካወቅኩ በኋላ ብልጥ ነኝ አልኩ። የባሰውን ጥፋት የሠራሁት ያኔ ነው።

ትልልቅ ካፌዎች ከማሽኑ ፊት የውሃ ማለስለሻ ሲሊንደር ያስገጥማሉ። ከእሱ የሚወጣ ውሃ ብረት ላይ ድንጋይ አይሠራም። የምገጥመው እኔ ነኝ፣ ጨው የምሞላውም እኔ ነኝ። እንግዲህ ኖራ የሌለው ውሃ አገኘሁ ብዬ ከአንድ ደንበኛዬ በጀሪካን እየቀዳሁ ሁለት ወር አጠጣኋት። ጫፍ ላይ ብቻ የነበረው ድርቀት ግማሽ ቅጠል ደረሰ። ባለቤቴ አየችና "አንተ፣ ማሽን ያዳነ ሁሉ ዛፍ ያድናል ያለህ ማነው?" አለች። ተናድጄ በረንዳው ላይ ተቀመጥኩ። ቆይቶ ብልጭ አለልኝ። ማለስለሻው ኖራውን የሚይዘው በነጻ አይደለም። ኖራውን ይቀበላል፣ በምትኩ ሶዲየም ይለቃል። ጥሬ ጨው እየጨመርን የምናጥበውም ለዚህ ነው! ለሬዚስታንስ ደግ ነው። ለሥር ግን ጨው ያለበት ውሃ ነው። በገዛ እጄ ጨው ሳጠጣት ከርሜያለሁ። ስንት ዓመት የገጠምኩትን ዕቃ ምንነቱን ያስተማረችኝ ይቺ ተክል ናት። ካፌ ያላችሁ ወገኖች፣ የማለስለሻ ውሃችሁን ለአበባ አትስጡ።

መድኃኒቱ ከላይ መጣ። ከኤሲ።

ድሬ ከሰዓት በኋላ ትተኛለች። ሱቁ ይዘጋል፣ መንገዱ ጭር ይላል። ኤሲው ግን አይተኛም። ከሰፈራችን መድኃኒት ቤት ጀርባ ሳልፍ ከቱቦው ጠብ ጠብ የሚለው ውሃ መሬቱን አርሶት አየሁ። እዚያው ቆምኩ። ይህ ውሃ ከየት ነው? ከአየር ነው። አየሩ ውስጥ ያለው እንፋሎት ቀዝቃዛውን ብረት ሲነካ ወደ ውሃ ተለውጦ ይወርዳል። ድንጋይ አልነካም፣ መሬት አልነካም። ማንቆርቆሪያ ውስጥ አፍልቼ ሞከርኩት። ብረቱ እንደነበረ ቀረ። ነጭ ነገር የለም።

ከዚያ ወዲህ መድኃኒት ቤቱ ያለው ልጅ ቱቦው ሥር ጀሪካን ያስቀምጥልኛል። ክረምት ላይ አየሩ እርጥበት ስላለው ቶሎ ይሞላል። ከኅዳር እስከ ጥር ግን አየሩ ደረቅ ነው፣ ኤሲውም ብዙ አይከፈትም፣ ጠብታው ይመነምናል። ያኔ ከክረምት ያጠራቀምኩትን እጠቀማለሁ። ሐምሌና ነሐሴ የቆርቆሮ ጣሪያችን ሥር በርሜል አለ። የመጀመሪያውን ዝናብ አልቀዳም፤ የዓመቱን አቧራ ይዞ ነው የሚወርደው። ከሁለተኛው ጀምሮ ያለው ምርጥ ነው። የኤሲ ውሃ ለመጠጥ አይሆንም፣ ይህን ልብ በሉ። ለተክል ግን ከቧንቧችን በብዙ ይሻላል።

ኤሲም በርሜልም የሌለው ሰው ምን ያድርግ? ውሃውን ያፍላ፣ አሳድሮ ከላይ ከላይ ያለውን ቀስ ብሎ ይቅዳ፣ አተላውን ይድፋ። ኖራው በብዛት ከታች ይቀራል። ሌላው ጨው ግን አብሮት አይቀርም፣ ስለዚህ ሁለተኛ ምርጫ ነው። እኔ የሻይ ውሃ ሲተርፍ ነው እንዲህ የማደርገው።

ሁለት ወር በሞላ ቁጥር ደግሞ ማሰሮዋን አጥባለሁ። አፈሩን ሳልነካ ግቢ አውጥቼ፣ በታች በኩል እስኪፈስ፣ ከዚያም እስኪበዛ አፈስበታለሁ። አንድ ባልዲ፣ ሁለት ባልዲ። የተጠራቀመውን ጨው ይዞት ይወጣል። ለዚህ የቧንቧ ውሃም ያገለግላል፣ መጨረሻ ላይ ብቻ በኤሲ ውሃ አለቀልቀዋለሁ። ማሰሮው ከሥሩ ቀዳዳ ከሌለው ይህ ሁሉ ከንቱ ነው። ያ ካፌ የሰጠኝ ቆርቆሮ ቀዳዳ አልነበረውም። በምስማር ስበሳው የወጣውን ሽታ አልነግራችሁም።

በስንት ቀን ላጠጣት ብሎ ለሚጠይቀኝ ሰው ጣትህን ጠይቅ እለዋለሁ። አመልካች ጣቴን እስከ መጀመሪያው አንጓ አስገባለሁ። ከረጠበ እተዋለሁ። የኔዋ ግንቦት ላይ በሳምንት ሁለት ጊዜ ትጠጣለች፣ ታኅሣሥ ላይ በዘጠኝ በአሥር ቀን አንዴ። የደረቀው ጫፍ ተመልሶ አይለመልምም፤ በመቀስ መቁረጥ ትችላላችሁ፣ ግን ከቡናማው ትንሽ አስቀርታችሁ ነው። አረንጓዴው ውስጥ ከገባችሁ አዲሱ ቁስል ይደርቃል።

አፈሯ ላይ ብዙ አልልም። ሁለት እጅ የጓሮ አፈር፣ አንድ እጅ አሸዋ፣ አንድ እጅ የበሰበሰ ፍግ። አሸዋውን ከደቻቱ ወንዝ አመጣሁ። ደቻቱ ዓመቱን ሙሉ አሸዋ ነው፣ በ1998 ዓ.ም. ክረምት ሌሊት ላይ ጎርፉ ምን አድርጎን እንዳለፈ ግን የድሬ ሰው አይረሳውም። አሸዋውን ውሃው እስኪጠራ አጠብኩት። ሥሯን መነካካት አትወድም፣ ስለዚህ ማሰሮ የምቀይርላት ሥሩ ካልሞላው በቀር አይደለም። ማዳበሪያም ጥቂት ይበቃታል፤ የምታድገው በዝግታ ነው።

ጥር ላይ፣ አየሩ ሲደርቅ፣ ቅጠሏ ጀርባ ላይ የሸረሪት ድር የመሰለ ስስ ነገር ካያችሁ ሸረሪት አይደለም። በዓይን እምብዛም የማይታይ ተባይ ነው። ቅጠሉን መጥጦ ነጠብጣብ ያደርገዋል። ሻወር ቤት አስገብቼ ጥቂት ላርጎ በተቀላቀለበት ውሃ ቅጠሏን ከላይም ከታችም አጥባታለሁ፣ በሳምንቱ ደግሜ። የውሃ እንስራችን አጠገብ ካስቀመጥኳት ወዲህ ቀንሷል። እንስራው ስለሚያልበው ይሁን ደጋግሜ ስለማጥባት አላከራክርም።

ወደ ጫፍ መቁረጡ ልመለስ። እኛ ሐረርጌ ያደግን ሰዎች በዚህ ነገር በቀላሉ እንሳሳታለን። ጫት ይቀነጠባል፣ ያቆጠቁጣል፣ ደግሞ ይቀነጠባል። ስለዚህ ተክል ሁሉ እንደዚያ ይመስለናል። ይቺ ዘንባባ ግን እያንዳንዱ ግንዷ ያለው አንድ ቡቃያ ብቻ ነው፣ እሱም አናቷ ላይ ነው። አዲስ ቅጠል ሁሉ ከዚያ ነው የሚወጣው። እሱን ከቆረጣችሁት ግንዱ ወደ ጎን አይሰፋም። የቀረው ቅጠል እስኪያረጅ ቆሞ ይቆይና ይሞታል። እባካችሁ ይህቺን አንዲት መስመር እንኳ ቢሆን አርማችሁ አውጡልን። የሌላው ስህተት ዋጋ የደረቀ ጫፍ ነው፣ የዚህ ግን ሞት ነው።

አየር ታጣራለች ስለተባለው፣ ወሬው የተነሳው የአሜሪካው ናሳ እ.ኤ.አ. በ1989 ካወጣው ጥናት ነው። የተሞከረው በታሸገ ትንሽ ሳጥን ውስጥ ነበር፣ ከካሜዶሪያዎቹም የተሞከረችው ይቺ ሳትሆን ዘመዷ ናት። ሰው የሚኖርበት ቤት ሳጥን አይደለም። ድሬ ላይ ደግሞ በሩን ዘግቶ የሚቀመጥ ማነው?

ሐረር ላለችው እህቴ አንድ ገዝቼ ልኬላት ነበር። ሐረር ይቀዘቅዛል፣ እድገቷ ከድሬ ያንሳል፣ ግን ቅጠሏ ያምራል። ማማር ድረስ ግን አልቆየችም። የጎረቤት ፍየል ገብታ እስከ ሥሯ በላቻት። እህቴ ለፍየሏ ነው የደነገጠችው። ፍየሏ ምንም አልሆነችም፤ ቅጠሏ መርዝ የለውም።

ከጻፋችሁት ይልቅ ያልጻፋችሁትን ነገር ብትጽፉ ደስ ባለኝ ነበር። ሐረማያ ዩኒቨርሲቲ እርሻ የተማረ የጎረቤት ልጅ አለ። እሱ ነው የነገረኝ። ጓቲማላ ሰሜን ክፍል፣ ፔቴን በሚባለው አገር፣ ሰዎች ጫካ ገብተው የዚችን ተክልና የዘመዶቿን ቅጠል ይለቅማሉ። ቅጠሉን ሻቴ ይሉታል። ከተቆረጠ በኋላ ለሳምንታት ስለማይጠወልግ ወደ አሜሪካና አውሮፓ ይላካል፣ የአበባ ነጋዴዎች እቅፍ አበባ ውስጥ ይጨምሩታል። አሜሪካ ያሉ ቤተ ክርስቲያኖች ደግሞ ለሆሳዕና ይገዙታል! እኛ በራሳችን ዘንባባ ቀለበትና መስቀል እንሠራለን፣ እነሱ የኔን የበረንዳ ተክል ይዘው ይዘምራሉ። ይህን ለባለቤቴ መንገሬ ስህተት ነበር። በሆሳዕና ዋዜማ መቀስ ይዛ ማሰሮዋ አጠገብ ቆማ አገኘኋት። "አንድ ብቻ" አለች። ዓመቱን ሙሉ የምታወጣው ቅጠል በጣት የሚቆጠር ነው። ከዚያች ላይ አንድ መቁረጥ ምን ማለት እንደሆነ እስካስረዳት ድረስ መሽቶ ነበር። ቅጠሉ ተረፈ። እራት ግን ራሴ ነኝ የሠራሁት።

አሁን ወደ ጥያቄዬ ልምጣ። ደብዳቤውን የጀመርኩት ለመውቀስ ነበር፣ እግረ መንገዴን ግን የምለምነው አለኝ። ባለፈው ዓመት ከሦስቱ ግንዶች ሁለቱ አበቡ። ከቅጠሎቹ መካከል ቀጭን ዘንግ አወጡ፣ ዘንጉ ላይ ከጤፍ ፍሬ ትንሽ የሚበልጥ ቢጫ ቢጫ አበባ ተደረደረ። የሐረማያው ልጅ አጉሊ መነጽር ይዞ መጣ፣ ጎንበስ ብሎ አየና "ሁለቱም ሴት ናቸው" አለኝ። በዚች ተክል ወንዱና ሴቷ ለየብቻ ናቸው። ወንድ ካልተገኘ ፍሬ የለም። ፍሬዋ ጥቁር፣ አተር የሚያህል ነው፤ ሲበስል ዘንጉ ብርቱካንማ ይሆናል አለኝ። ዘሩ ለመብቀል ወራት ይፈጃል፣ ሙቀት ይፈልጋል። ሙቀት ከሆነ የሚፈለገው እኛ አናጣም።

ድሬ ወይም ሐረር ውስጥ ይቺ ተክል ያለው፣ አብባም አበባዋ ረግፎ ባዶ ዘንግ የሚቀርባት ሰው ካለ፣ የእሱ ወንድ ሊሆን ይችላል። በጋዜጣችሁ በኩል ያሳውቀኝ። ተክሉን አልፈልግም፣ አንድ ዘለላ አበባ ይበቃኛል፤ በቀለም ብሩሽ አራግፌ እመልስለታለሁ። በምላሹ የቡና ማሽኑን ሬዚስታንስ በነጻ ፍቄ አጸዳለታለሁ። ማሽን ከሌለው ማንቆርቆሪያም ይሆናል።

ከአክብሮት ጋር፣
የቡና ማሽን ጠጋኙ
ድሬዳዋ፣ ከነምበር ዋን